ቶርክ ሬንቹን ላሠራው ወይስ ልቀይረው? ለአንድ የጋራዥ ባለቤት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሁለት ልጆች ቀጥሬ የምሠራበት ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ከአራት ዓመት በፊት የገዛሁት ባለ ግማሽ ኢንች ቶርክ ሬንች (ብሎንን በተሞላለት ልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ) ከ28 እስከ 210 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) ድረስ ይሞላል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አንዳንዴ ቀድሞ ቀጭ ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ስበን ስበን እስክንጨነቅ ድረስ ድምፅ አያሰማም። ባለፈው ወር የአንድ ሚኒባስ የጎማ ብሎን ስናጠብቅ ተቆረጠብን፤ አንድ ቪትዝ ደግሞ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከተገጠመ በኋላ ውሃ ማሳለፍ ጀመረ። መሣሪያውን ማሠራት ይሻላል ወይስ አዲስ መግዛት?

ምላሽ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ከገለጹት ነገር ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ የመሣሪያው መሳሳት ሳይሆን አሳሳቱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ሁልጊዜ በስምንት በመቶ አሳንሶ የሚያጠብቅ ቶርክ ሬንች ጉድለቱ ስለሚታወቅ ይስተካከላል፤ ዛሬ አሳንሶ ነገ አብዝቶ የሚያጠብቅ ግን በምን ያህል እንደሚያስተካክሉት እንኳ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ስሕተቱ ወጥ ከሆነ ያሠሩት፤ ከተጸዳ በኋላም የሚዋዥቅ ከሆነ ያለ ማመንታት ይቀይሩት እላለሁ። ይህን ለመለየት ውድ ዕቃ አያስፈልግዎትም። ሞርሳ፣ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ሜትርና የሚታመን ሚዛን ካለዎት በግማሽ ቀን ውስጥ በራስዎ ጋራዥ ይለያሉ። አሠራሩን ከታች በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ፤ አስቀድሜ ግን በመሣሪያው ውስጥ ምን እንዳለ ልግለጽ፤ የፈተናው ውጤት የሚነበበው ይህ ሲታወቅ ነውና።

ቀጭ የሚለው ቶርክ ሬንች ከውጭ ሲታይ ቱቦ ነው። በቱቦው ውስጥ ጠንካራ ሞላ አለ። እጀታውን ሲያዞሩ ጥርሱ እየገፋ ይህን ሞላ ይጨምቀዋል፤ በእጀታው ላይ የሚያነቡት ቁጥርም ሞላው ምን ያህል እንደተጨመቀ ይናገራል እንጂ ብሎኑን በቀጥታ አይለካም። በሞላው ጫፍና በመሣሪያው ራስ ጭራ መካከል ደግሞ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ተቀምጣለች። ብሎኑ የሚመልሰው ጉልበት ሞላው ከሚገፋበት ጉልበት ሲበልጥ ይህች ብረት በጠርዟ ላይ ጋደል ትላለች፤ የራሱም ጭራ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ይጋጫል። የምንሰማው ቀጭታ ይህ ግጭት ነው። እንግዲህ ሞላው ከደከመ መሣሪያው ቀድሞ ቀጭ ይላል፣ ብሎኑም ሳይጠብቅ ይቀራል። በብረቷ ዙሪያ ያለው ግሪስ ከደረቀ ወይም አቧራ ከገባበት ዘግይቶ ቀጭ ይላል፣ ብሎኑም ከልኩ በላይ ይጠብቃል። የብረቷ ጠርዝ ከተበላ ወይም ከተሸረፈ ደግሞ አንድ ጊዜ ቀድሞ፣ አንድ ጊዜ ዘግይቶ ይጮኻል። እርስዎ የገለጹት ምልክት ለኋለኞቹ ሁለቱ ይቀርባል፤ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ በበጋ የሚነሳውን የግንባታ አቧራ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

መሣሪያውን ከመክሰስዎ በፊት ግን አጠቃቀሙን ይመርምሩ። ተበላሸ ተብሎ ከሚመጣልኝ ቶርክ ሬንች ውስጥ ጥቂት የማይባለው በራሱ ምንም ያልሆነ ነው። በመጀመሪያ በእጀታው ጫፍ ወይም አንገት ላይ ያለውን መቆለፊያ ይዩ። መቆለፊያው ላልቶ ከሆነ፣ በሳቡ ቁጥር እጀታው በጥቂቱ ስለሚዞር በ100 ያስጀመሩት ሥራ በ92 ወይም በ110 ያልቃል። ለማረጋገጥ 100 ላይ ቆልፈው፣ በቁጥሩና በመስመሩ ላይ በቀጭን ቀለም ምልክት አድርገው፣ ሃያ ጊዜ ያህል ይሥሩበትና ምልክቱን መልሰው ያስተያዩ። ከተንቀሳቀሰ ችግሩን አገኙት ማለት ነው፤ ጥገናውም ቀላል ነው።

ሁለተኛው ነገር መለኪያው ነው። አብዛኞቹ ቶርክ ሬንቾች ሁለት ዓይነት ቁጥር ተጽፎባቸው ይመጣሉ፤ አንደኛው በኒውተን ሜትር፣ ሌላው በፓውንድ ጫማ። አንድ ፓውንድ ጫማ 1.356 ኒውተን ሜትር ነው። የቶዮታ ኮሮላ የጎማ ዳዶ የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህንኑ 103 በፓውንድ ጫማ በኩል የሞላ ሠራተኛ ዳዶውን በ140 ኒውተን ሜትር ያህል አጥብቆታል ማለት ነው። (103 የሚለው ቁጥር ያልተለመደ የሚመስለው በቀድሞው የጃፓን መለኪያ 1,050 ኪሎግራም ሴንቲሜትር የነበረው ወደ ኒውተን ሜትር ሲዞር የመጣ ስለሆነ ነው፤ አሮጌ የጃፓን የጥገና መጽሐፍ ካለዎት ይህን ልብ ይበሉ።) ከሁለቱ ልጆች አንዱ በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላ በኩል የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ «አንዳንዴ ይሳሳታል» የሚለው አቤቱታ ከዚህም ሊመጣ ይችላል። ለየብቻ ጠርተው «90 ላይ ሙላልኝ» ይበሏቸውና የሚሞሉትን ይዩ።

ሦስተኛው የመሣሪያው የታችኛው ዳር ነው። ቀጭ የሚል ቶርክ ሬንች የሚታመነው ከትልቁ ቁጥሩ ሃያ በመቶ ጀምሮ ነው። የእርስዎ 210 ድረስ ስለሚሄድ ሃያ በመቶው 42 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በእጀታው ላይ 28 ተብሎ መጻፉ በ28 ላይ ልክ ነው ማለት አይደለም። የቴስታታ ብሎናቸው መጀመሪያ በ29 ኒውተን ሜትር ከጠበቀ በኋላ ሁለት ጊዜ 90 ዲግሪ የሚዞር የቶዮታ ሞተሮች አሉ። ያን የመጀመሪያ ደረጃ በዚህ መሣሪያ ከሠራችሁት፣ ሞላው እምብዛም በማይጨመቅበት ቦታ ላይ ነው የሠራችሁት። እዚያ ቀጭታውም እጅግ ደካማ ስለሆነ በጋራዥ ጫጫታ ውስጥ ሳይሰማ ያልፋል። ሠራተኛው ድምፁን እየጠበቀ ይስባል፣ ብሎኑም ከልኩ በላይ ይጠብቃል። የቪትዙ ነገር ከዚህ የመጣ ነው ብዬ አልፈርድም፤ የቴስታታው ፊት ጠማማነት፣ የድሮው ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ቅሪት፣ በብሎኑ ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ዘይትና ውሃ ሁሉም ሊያደርጉት ይችላሉ። ነገር ግን ለካንዴላና ለመሰል ትንንሽ ሥራዎች፣ ለቴስታታም የመጀመሪያ ደረጃ፣ ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ትንሽ ቶርክ ሬንች ያስፈልግዎታል። ይህ ትልቁን ብታሠሩትም ብትቀይሩትም የማይቀር ወጪ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልናገር። ቀጭ ካለ በኋላ «ለማረጋገጥ» ብሎ ደጋግሞ መሳብ ከልክ በላይ ያጠብቃል። ቱቦ ቀጥሎ መሳብ፣ ወይም እጀታውን ትቶ አንገቱ ላይ መያዝ ልኩን ያዛባል። የዛገ ብሎን መፍታት የዚህ መሣሪያ ሥራ አይደለም፤ ለዚያ ረጅም ቁልፍ አለ። ብሎኑ በዘይት የራሰ ከሆነም ያው ቁጥር ብሎኑን ይበልጥ ይስበዋል፤ በደረቅ ብሎን ላይ ከምናጠብቅበት ጉልበት አሥር በመቶ ገደማው ብቻ ነው ብሎኑን የሚወጥረው፣ የቀረውን የዳዶው ፊትና የጥርሱ ሰበቃ ይበሉታል። በጎማ ዳዶ ላይ «እንዳይዝግ» ተብሎ የሚቀባ ዘይት ከዚህ የተነሳ ብሎን ያስቆርጣል፤ የሚኒባሱን ብሎን ስትመለከቱ ይህንንም ጠይቁ።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። የመሣሪያውን የሶኬት ማስገቢያ፣ ማለትም አራት ማዕዘኑን ጫፍ፣ በሞርሳ ጨምቀው ይያዙት፤ እጀታው ወደ ጎን ተዘርግቶ ከመሬት ጋር ትይዩ ይሁን። ዘንበል ካለ ስሌቱ ይበላሻል፤ አሥር ዲግሪ መዘንበል ብቻውን አንድ በመቶ ተኩል ይቀንሳል። ከአራት ማዕዘኑ መካከል እስከ እጀታው መያዣ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ፤ በመያዣው ላይ የመካከል መስመር ካለበት እዚያ ድረስ ይለኩ፤ ገመዱንም እዚያው እንጂ ሌላ ቦታ አያስሩ። የእርስዎ ዓይነት መሣሪያ ላይ ይህ ርቀት 40 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለስሌቱ 40 ብዬ ልያዝ፣ እርስዎ ግን የራስዎን ይያዙ።

ቶርክ ማለት ክብደት በርቀት ሲባዛ ነው። አንድ ኪሎ የሚስበው ጉልበት በመጽሐፍ 9.81 ኒውተን ይባላል። የእኛ አገር ወደ ምድር ወገብ የቀረበ፣ አካባቢያችንም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ስለሆነ እዚህ 9.78 ያህል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ትክክለኛውን መያዝ ስለማያስቸግር 9.78 እይዛለሁ። የመሣሪያው የራሱ ክብደትም መቆጠር አለበት። መሣሪያውን በጣት ጫፍ ላይ አጋድመው ሳይወድቅ የሚቆምበትን ቦታ ያግኙ። ክብደቱ 1.4 ኪሎ፣ የሚመጣጠንበት ቦታም ከአራት ማዕዘኑ 20 ሴንቲሜትር ላይ ከሆነ፣ ጀሪካን ሳይሰቀል በራሱ 2.7 ኒውተን ሜትር ገደማ ያደርጋል። እንግዲህ እጀታውን 80 ላይ ሞልተው ቢሰቅሉ፣ ጤነኛ መሣሪያ ቀጭ ማለት ያለበት ጀሪካኑ፣ ውሃውና ገመዱ ተደምረው 19.8 ኪሎ ገደማ ሲደርሱ ነው። ዓለም አቀፉ አይኤስኦ 6789 የተባለው መመዘኛ ለዚህ ዓይነት መሣሪያ ከአሥር ኒውተን ሜትር በላይ የሚፈቅደው ስሕተት ወደ ላይም ወደ ታችም አራት በመቶ ነው። በእኛ ጀሪካን ሲታሰብ ይህ ከ18.9 እስከ 20.6 ኪሎ ማለት ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ መሣሪያውን አምስት ስድስት ጊዜ ያህል በእጅዎ ስበው ያስጩኹት፤ ሳይሠራ የቆየ መሣሪያ ግሪሱ ተሰብስቦ ስለሚጠብቅ የመጀመሪያው ቀጭታ አይታመንም። ከዚያ ጀሪካኑን እስከ 16 ኪሎ ገደማ ሞልተው ይስቀሉ፣ ከሥሩም አሮጌ ጎማ ያስቀምጡ፤ ቀጭ ሲል እጀታው ወደ ታች ይወርዳልና። ከዚያ በኋላ በጣሳ፣ በቀስታ፣ በጀሪካኑ አፍ ላይ ውሃ ይጨምሩ። ሊደርስ ሲቃረብ ጣሳውንም ትተው በብርጭቆ ያድርጉት። ቀጭ ያለበትን ቅጽበት ልብ ይበሉ፤ ጀሪካኑን ያውርዱና ይመዝኑ፣ ቁጥሩን ይጻፉ። ሁለት ሦስት ሊትር ቀንሰው ደግመው ይስቀሉ። አምስት ጊዜ ይደጋግሙት። ሚዛንዎ ዲጂታል ቢሆን ይመረጣል፤ በእጅ የሚንጠለጠለው ባለ ሞላ ሚዛን እሱ ራሱ ፈተና ያስፈልገዋል።

የሚያገኙትን ቁጥር እንዴት እንደሚያነቡ በምሳሌ ላሳይ። አንዱ መሣሪያ በአምስቱ ሙከራ 18.1፣ 18.2፣ 18.0፣ 18.1፣ 18.2 ኪሎ ላይ ቀጭ አለ እንበል። ይህ ወደ 73.5 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከ80 ስምንት በመቶ ያህል ያነሰ። መሣሪያው ተሳስቷል፣ ነገር ግን ቃሉን አይለውጥም። ሁለተኛው መሣሪያ 17.6፣ 20.9፣ 19.1፣ 21.8፣ 18.3 ሰጠ እንበል። አማካዩን ቢያወጡ 19.5 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም 79 ኒውተን ሜትር ይሆንና «ደህና ነው» ያሰኛል። ነገር ግን አንዱን ብሎን በ71.6፣ ጎረቤቱን በ88 አጥብቋል። በአንድ ጎማ ላይ ያሉ ስድስት ዳዶዎች እንዲህ ከተለያዩ የፍሬን ዲስኩ ጠመም ሊል፣ ፍሬን ሲያዝም መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ በቴስታታ ላይ ሲሆን ደግሞ ጓርኒሲዮኑ በላላው በኩል ያሳልፋል። ስለዚህ አማካይ እንዳያታልልዎት፤ የሚፈልጉት በትልቁና በትንሹ መካከል ያለውን ርቀት ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ የሚጠገን ነው። ሁለተኛውን ግን አንድ ዕድል ብቻ፣ የጽዳትን ዕድል፣ ሰጥቼ ነው የምሰናበተው።

ጽዳቱን ከዚህ በፊት አንዱን በከፈትሁበት ትዝታ ልግለጽልዎት። በአቃቂ በአንድ የጥገና ክፍል ስሠራ የእርስዎን የሚመስል አቤቱታ የቀረበበት መሣሪያ ደረሰኝ። እጀታውን እስከ ታች አላልቼ፣ ሞላውን ሙሉ በሙሉ ካስተነፈስሁ በኋላ (ይህን ሳያደርጉ መክፈት አደገኛ ነው፣ የተጨመቀ ሞላ ዓይን ያጠፋል) ራሱን የያዘውን ፒን አውጥቼ ጎተትሁት። ግሪሱ ቡናማ ሆኖ እንደ ሻማ ሰም ደርቋል፤ በጥፍር ሲፋቅ ይቀረፋል። በሰሙ ውስጥ ከመፈልፈያ ድንጋይ የበረረ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ትንሿን ባለ አራት ማዕዘን ብረት በነጭ ጋዝ አጥቤ ወደ መስኮት ይዤ ሳየው ሦስቱ ጠርዞች እንደ ቢላ ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ አራተኛው ላይ ግን ጥፍር የምትይዝ ትንሽ ስብራት አለች። ያን ጊዜ ገና ወጣት ስለነበርሁ በሞረድ ላስተካክለው ሞከርሁ። ጠርዙ ለዓይን አማረ፤ መሣሪያው ግን ተመልሶ ሲፈተን ከበፊቱ ይልቅ ተበታተነ፤ ብረቷ የምትጋደልበት መስመር ከቦታው ተነቅሏልና። ከዚያ ወዲህ ጠርዙ የተሸረፈ ብረት ካየሁ አልነካም፤ አምራቹ መለዋወጫ የሚሸጥለት ካልሆነ በቀር መሣሪያው አብቅቶለታል።

ስለዚህ ከከፈቱት እያንዳንዱን ቅደም ተከተል በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ በነጭ ጋዝ ያጥቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት፣ ጠርዞቹን በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ጤነኛ ከሆኑ ስስ ሞሊብዲነም ያለበት ግሪስ ቀብተው ይግጠሙት። የሞተር ዘይት አይጨምሩበት፤ ፈሶ በመሣሪያው ራስ ላይ ያለው ራቼት (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዘው ጥርስ) ውስጥ ይገባል፣ ሰበቃውንም ከሚገባው በላይ ይለውጠዋል። ቱቦው ወድቆ የተቆለመመ ከሆነ፣ ወይም ሞላው ዝጎ ከሆነ፣ እዚያው ያቁሙ። ካጸዱት በኋላ የጀሪካኑን ፈተና ይድገሙ። ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ ደስ ይበልዎት፣ መሣሪያው ወደ ወጥ ስሕተት ተመልሷል፤ የቀረው ልኩን ማስተካከል ነው። በአብዛኛዎቹ ላይ ይህ በእጀታው ጫፍ ውስጥ ባለ ማስተካከያ ብሎን ወይም የቁጥሩን ቀለበት በማንቀሳቀስ ይሠራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ቀለበቱን ማንቀሳቀስ በሁሉም ቁጥር ላይ እኩል ኒውተን ሜትር ይጨምራል፣ የደከመ ሞላ ግን በመቶኛ ነው የሚያጎድለው። በ80 ላይ ያስተካከሉት መሣሪያ በ42 ላይ አብዝቶ፣ በ126 ላይ ደግሞ አሳንሶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በሦስቱም ላይ ይፈትኑት፤ ባለ 40 ሴንቲሜትሩ ምሳሌያችን ለ42 ወደ 10 ኪሎ፣ ለ126 ደግሞ ወደ 31.5 ኪሎ ይጠይቃል፤ ለኋለኛው ሁለት ጀሪካን ይስቀሉ። በሦስቱም ላይ አራት በመቶ ውስጥ ካልገባ፣ ሞላው ደክሟልና መሣሪያውን ይሰናበቱት።

ራቼቱ ብቻ የሚንሸራተት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ራቼት የመሣሪያውን ልክ አይወስንም፤ መለዋወጫው ከተገኘ ይቀየራል፣ ካልተገኘ ግን ሲስቡ አምልጦ እጅ ስለሚያቆስል አይታገሡት።

የጀሪካኑ ፈተና የቤት ፈተና ነው፤ የርቀቱና የሚዛኑ ስሕተት ተደምረው እስከ ሁለት በመቶ ሊደርሱ ስለሚችሉ ለውሳኔ እንጂ ለምስክር ወረቀት አይሆንም። የማሽን ተከራይ ወይም የመድን ድርጅት የልኬት ማስረጃ የሚጠይቅዎት ከሆነ፣ ወይም በአራት በመቶ ድንበር ላይ ያለ ውጤት ካገኙ፣ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የስነ ልክ ተቋም ወይም የቶርክ ልኬት ወደሚሠራ የግል ላቦራቶሪ ይሂዱ፤ ይዘው ከመሄድዎ በፊት ግን እስከ 210 ኒውተን ሜትር ይቀበሉ እንደሆነ፣ የሚሰጡት ወረቀት ላይም በእያንዳንዱ ነጥብ የተገኘው ቁጥር ይጻፍ እንደሆነ በስልክ ይጠይቁ። «ተፈትሿል» የሚል ማኅተም ብቻ ያለው ወረቀት ምንም አይነግርዎትም። ዓለም አቀፉ መመዘኛም የራሱ የቁጥጥር ሥርዓት ለሌለው ተጠቃሚ በየ12 ወሩ ወይም በየ5,000 ቀጭታው፣ ቀድሞ በደረሰው፣ መፈተን ይገባል ይላል። 5,000 ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ባለ ስድስት ዳዶ ሚኒባስ በአራት ጎማው 24 ቀጭታ ይፈልጋል። በቀን ሁለት ሚኒባስ የሚሠራ ጋራዥ በአራት ወር ገደማ ይሞላዋል። አራት ዓመት ሳይፈተን የቆየ መሣሪያ ከዚህ አንጻር ሲታይ ረጅም ዕድሜ ኖሯል።

ወጪውን በተመለከተ የምከተለው መስፈርት ይህ ነው። መሣሪያው መለዋወጫ ከሚሸጡለት አምራቾች፣ ለምሳሌ ከእንግሊዙ ኖርባር፣ ከጃፓኑ ቶህኒቺ ወይም ከጀርመኑ ስታልቪለ ከሆነ፣ የጽዳትና የልኬት ወጪው ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ እስካልበለጠ ድረስ አሠራዋለሁ። ስሙ በውል የማይታወቅ ርካሽ መሣሪያ ከሆነ ግን ያጸዳሁት እኔው ራሴ ካልሆንሁ በቀር ገንዘብ አላወጣበትም፤ ብረቷም ሞላውም ለብቻ አይሸጡምና። ከምናለሽ ተራ ሌላ የተበላሸ ገዝቶ የአንዱን ሞላ ለሌላው መግጠምን የሚመክሩዎት ይኖራሉ። አይሞክሩት፤ ሞላና ቁጥር አብረው የተወለዱ ናቸው፣ የአንዱ ሞላ በሌላው ቁጥር አይነበብም።

አዲስ ለመግዛት ከወሰኑ ደግሞ አዲስነቱን ብቻ አይመኑ። ሻጩ ጋር አብሮት የመጣውን የፋብሪካ የፍተሻ ወረቀት ይጠይቁ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር በመሣሪያው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ወደ ጋራዥ እንደገባም በዚያው ጀሪካን ይፈትኑትና ውጤቱን በማስታወሻ ይጻፉ። በዚያ ማስታወሻ ከስድስት ወር በኋላ መሣሪያው መለወጥ አለመለወጡን ያውቃሉ። የቪትዝና የሚኒባስ የጎማ ዳዶ፣ አብዛኛውም የሞተር ሥራ፣ በባለ 210ው ውስጥ ይገባል፤ የሲኖ ትራክና የሌላ ከባድ መኪና ጎማ ግን ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ በእሱ አይሞከርም። ገንዘብዎ ከፈቀደ ከቀጭ ባዩ ጎን ባለ መርፌ ቶርክ ሬንች ይግዙ። ይህኛው ሞላ የለውም፤ ዘንጉ ሲጎብጥ መርፌው በቁጥሩ ላይ ይሄዳል። ለፈጣን ሥራ አይመችም፣ ፊት ለፊት ካላዩትም በተሳሳተ ያስነብባል፤ ነገር ግን የሚያረጅ ክፍል ስለሌለው የሌላውን መሣሪያ ሐሰት ለማጋለጥ እንደ ምስክር ይቆማል። በየጋራዡ አንድ ቢኖር እመኛለሁ።

አዲሱንም ሆነ የተጠገነውን ቀን በዋለ ቁጥር ወደ ትንሹ ቁጥር መልሰው ያስቀምጡት፤ ከዚያ በታች ግን አያላሉት፣ ብረቷ ከቦታዋ ትወጣለችና። በ180 ላይ እንደተሞላ ክረምቱን ሙሉ በሳጥን የቆየ መሣሪያ መስከረም ላይ ስንፈትነው በአሥር በመቶ ቀድሞ ሲጮኽ አይቻለሁ፤ ሞላው ተጨምቆ በመክረሙ ደክሟል። ሳጥኑም ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ከመፈልፈያው ድንጋይ ርቆ ይቀመጥ።

የመጨረሻው ጉዳይ ከመሣሪያው ይልቅ አስቸኳይ ነው። መሣሪያው መዋዠቅ ከጀመረ ወዲህ ከጋራዥዎ የወጡ መኪኖች አሉ። ዛሬውኑ ለባለቤቶቹ ይደውሉ። ልኩ የተፈተነ መሣሪያ ከጎረቤት ጋራዥ ተውሰው፣ መኪናውን በክሪክ አንስተው የጎማ ዳዶዎቹን ከፈቱ በኋላ ጥርሳቸውን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው፣ በኮከብ ቅርጽ ተራ በተራ እንደገና ያጥብቋቸው፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዱ በኋላም እንዲመለሱ ይንገሯቸው። የቪትዙን የቴስታታ ብሎን ግን ያንኑ መልሰው አያጥብቁት። በዲግሪ የሚዞር ብሎን አንድ ጊዜ ሲሳብ ይረዝማልና፣ ቴስታታው ወርዶ ፊቱ ይለካ፣ የብሎኖቹም ርዝመት ከጥገና መጽሐፉ ልክ ጋር ይተያይ፤ ካለፈ ይቀየሩ። ብሎኑ የተቆረጠበት ሚኒባስ ላይ የተቆረጠውን ብቻ ቀይራችሁ ከሆነ፣ ከግራና ከቀኙ ያሉትንም ሁለቱን ቀይሯቸው። ያ ብሎን በተቆረጠ ጊዜ የእሱን ሸክም የተሸከሙት እነሱ ናቸው።